ዚር ላይ ያረፈችው መሣሪያ

መተማ ውስጥ ሙቀት ተቆጣጠር ተብሎ የተቀጠረ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሥራዬ የሰሊጥ ናሙና መመርመር ነው። ክፍሉ ከተወሰነው በላይ ከሞቀ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ለዚህም ሙቀቱን በራሷ የምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ሙቀቱ ሲያልፍ ትጮኻለች። ይኸውም መብራት ሄዶ የክፍሉ ማቀዝቀዣ በቆመ ቁጥር ነው።

ጩኸቷ የጥበቃችንን አንጀት በላው። ከደጋ የወረዱ ደግ ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ ዚር አለን፤ የቆላ ሰው በዚህ የሸክላ ውኃ ማቀዝቀዣ ላይ ቲማቲሙንም መድኃኒቱንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። እሳቸውም ምሳ ስንወጣ መሣሪያዋን ነቅለው እዚያ ያሳርፏታል፤ ዝም ስትል ይመልሷታል። እኛም ዝምታዋን አምነን እንሠራለን፤ ሙቀት የለመደ ገላ ለምስክርነት አይበቃም።

ለቤተ ሙከራችን ዕውቅና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ገምጋሚ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከች አለች። መሣሪያዋን ከቲማቲሞቹ መሀል አገኘቻት።

«ስታለቅስ ጊዜ አንጀቴ አልችል አለ፤ ትንሽ ባሳርፋት ምን አለበት ልጄ?» አሏት ጥበቃው።

ዕውቅናችን ታገደ። መመርመሩንስ አላቆምንም፣ ውጤታችንን የሚያምን ገዢ ግን ጠፋ። ገለጉ በኩል ሰሊጥ የሚያርሱት አጎቴ ናሙናቸውን ጎንደር ልከው ውጤት እስኪመጣ ገዢው ጥሏቸው ሄደ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ምርታቸውን ለደላላ በርካሽ ጣሉለት።

የችግሩን መንስኤ ጻፉ ተባልን። «የጥበቃው ርኅራኄ» ብለን ላክን። ርኅራኄ መንስኤ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። ታዲያ ምን እንበል? «የአሠራር ክፍተት» ስንል ወዲያው ተቀበሉን። መሣሪያዋ ልኬቷ እንዲረጋገጥ አዲስ አበባ ደርሳ መጣች፣ በሽቦ ሳጥን ተቆለፈባት። ሌላ ቤተ ሙከራ የመረመረውን ናሙና እኛም መርምረን ውጤታችን ገጠመ። ጄኔሬተር ጠይቀን ዛሬም ይመጣል እየተባልን ነው። ገምጋሚዋ ተመልሳ ሁሉንም አየች፤ ዕውቅናችንም ተመለሰ።

በአዲሱ አዝመራ መጀመሪያ የመጡት አጎቴ ናቸው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ናሙናቸውን ታቅፈው። የገዢው መኪና ውጤቱን እየጠበቀ ውጭ ቆሟል። ናሙናውን ሚዛን ላይ ሳደርግ መብራት ሄደ። ትንሽ ቆይታ መሣሪያዋ ከሳጥኗ ውስጥ ጮኸች።

እጄን ሰበሰብሁ። መብራት እስኪመጣና ክፍሉ እስኪበርድ መሥራት እንደማልችል ነገርኋቸው። ጥበቃው የሳጥኗን ቁልፍ አዩ፣ ዚሩን አዩ፣ እኔን አዩ። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አጎቴ ናሙናቸውን መልሰው ታቀፉት።

«ሳትታመኑ ትሠሩ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ስትታመኑ ሥራ ፈታችሁ?»

ጥበቃው ከዚሩ ቀዝቃዛ ውኃ ቀድተው ሰጧቸው፤ አጎቴም ጣሳውን እንደያዙ ወደ ደጅ ዞሩ። የገዢው መኪና ሞተር ተነሥቶ ሲርቅ ሁላችንም ሰማን፤ መሣሪያዋ አሁንም ትጮኻለች።