«ለስ»ን ያጠናሁበት ሰሞን

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ስቶክሆልም፣ ፊቲያ ውስጥ ከእናቴ ታናሽ እህት ጋር እኖር ነበር። አክስቴ አረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች፤ እኔ በጎልማሶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እማራለሁ። ፈተናውን ካለፍኩ ነርስነት እገባለሁ። ውጤቱን ከሁሉ በፊት ለእማዬ ልነግራት ቋምጫለሁ። አዲስ አበባ በደወልኩ ቁጥር ግን ወንድሜ አንስቶ «ጸበል ሄዳለች» ይለኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጸበል። «ልትመነኩስ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

ያን ሰሞን መምህራችን ስለ እንግሊዝኛው «ለስ» አስተማረን። ብቻውን ሲቆም «ያነሰ» ማለት ነው። ከቃል ኋላ የሚቀጠለው ግን ሌላ ዘር አለው፤ «የተፈታ፣ የተላቀቀ» ከሚል ጥንታዊ ቃል የመጣ፣ የስዊድንኛው «ሎስ» የሥጋ ዘመድ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር ካወቅሁ አያስችለኝም። አክስቴ ሰሃን ስታጥብ ከኋላዋ ቆሜ አስተማሪ ሆንኩ።

«ማዘርለስ ሲሉ እናቷ አነሰች ማለት እንዳይመስልሽ። ጭራሽ እናት የሌላት ማለት ነው።»

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። «ጎበዝ። በይ ሂጂና አጥኚ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። ዓይኗ ሰሞኑን ይቀላል፤ ጉንፋን ነው ብላኝ አምኛታለሁ።

ፈተናው ሐሙስ አለቀ። ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና ጥቁር የለበሱ ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። ይህን ያህል ሰው በማለዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላጣሁትም። «እማዬ ናት?» አልኩ። እማዬ ከተቀበረች ሦስት ሳምንት አልፏት ነበር።

አልቅሼ ሲወጣልኝ አክስቴ ላይ ዞርኩባት። «እናቴ አፈር ገብታ እኔ ቃል ስሸመድድ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ? ፈተና ከእማዬ ይበልጣል?»

«ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ብላ አደራ ሰጥታኛለች» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እኮ አሮጊቶቹን ሳጥብ ነው ያለቀስኩት።»

ሰማኋት፤ ግን አኮረፍኳት። ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ደራሹ እኔን ያቅፋል፣ እሷ ሻይ ታቀርባለች። የእህቷን ሞት በስልክ የሰማችው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ብቻዋን ቆማ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ከአንዲት ጎረቤት ነው። ለእሷ መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው አልነበረም።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሰሃን ስታጥብ ከኋላዋ ቆምኩ።

«እህትሽን ነፍሷን ይማርልሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት።

ቧንቧውን ዘጋችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።