በቀጭን መስመር የሚሰርዘው ሰውዬ

ይህን ሰው ዘመድ የማይጠይቀው ለምን ይሆን? ግቢያችን ተከራይቶ ከገባ ዓመት ቢያልፈውም አላውቅም። ቀን ቀን ዳንግላ ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ሌላ ሰው የጻፈውንም ያርማል። የኮቱ ቀኝ ክንድ ጠረጴዛው ላይ እየተፈተገ ሳስቷል። የሰው ወረቀት ከመቀበሉ በፊት እጁን በመሐረብ ይጠርጋል። ሲሰርዝ በአንድ ቀጭን መስመር ነው፤ "ባለቤቱ ምን እንደተሰረዘበት ማየት አለበት" ይላል።

ትናንት እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ እንቁ የሚባሉ አሮጊት በጋሪ መጥተው፣ ሌላ ጸሐፊ ያዘጋጀላቸውን ክስ ሰጡት። ወንድማቸው መሬታቸውን አርሶባቸዋል። አነበበና ቀና አለ።

"እማማ፣ ወንድምዎን ሌባ ብለዋል?"

"ኧረ እኔስ አላልሁም! ጸሐፊው ነው ነገር ያሞቀው።"

"እርስዎ ምን አሉ?"

"መሬቴን ይመልስልኝ ነው ያልሁ። ስሞት የሚቀብረኝ እሱ አይደል?"

ሰውዬው "ሌባ" የሚለውን በቀጭን መስመር ሰረዘ።

"እንግዲያ መሬቱም ይመለስ፣ ቀባሪዎም አይጥፋ። ነገ ጠዋት ይምጡ።"

ማታ መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ የእሱም መብራት በርቶ ነበር። በአማርኛ የጻፈውን፣ ነገ ለአሮጊቷ እንደሚያነብላቸው አድርጎ አፋቸውን በፈቱበት በአገውኛ ሲያነበው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ያነባል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል። በመጨረሻ ሳያቋርጥ እስከ ዳር አነበበው፤ ተከሳሹ ወንድም አጠገቡ ተቀምጦ የሚሰማው ይመስል ድምፁ ለስልሶ ነበር። መብራቱን አጥፍቶ ሲተኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።