የጎረቤታችን ጉድጓድና የመዳቡ ድስት

በደርግ ዘመን ከትውልድ ቦታዬ ከቢቸና ወደ ሞጣ ተመድቤ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ሴት ልጃቸውን ሲድሩ፣ ብርዝ የጠጣው ሠርገኛ ሁሉ ያስመልሰው ጀመር። የሞተ ሰው የለም፤ ወሬው ግን ከሕመሙ ባሰ። የብርዙ ውሃ የተቀዳው ከጎረቤታችን ጉድጓድ ነበር። ጎረቤታችን ሰፈሩን ለዓመታት በነፃ ያጠጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። በማግስቱ እንስራ ይዞ ደጃቸውን የረገጠ አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ውሃ ትመረምራለች ይሉሻል። ጉድጓዴ ውስጥ ያለውን ንገሪኝ። መጥፎ ከሆነ እደፍነዋለሁ» አሉኝ።

ውሃቸው ቀላ ስለሚል ብረት እንዳለበት እገምት ነበር። እንዲያ የሚያስመልስ ግን አልመሰለኝም። ከውሃውም ከተረፈው ብርዝም ወሰድሁ። ውሃውን አትንኜ፣ ብርዙን እስኪከስል አቃጥዬ፣ የቀረውን በጥቂት አሲድ አሟሟሁት።

ዛሬ የተሟሟ ማዕድንን በኤሌክትሪክ የመለየት ሥራ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ በደቂቃዎች ያልቃል። ያኔ የነበረኝ ማጣሪያ ወረቀት፣ የሎሚ ጭማቂና ከመምህራን የተዋስሁት የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ነው። ወረቀቶቹን በሎሚ አርሼ መሐላቸው ላይ ጠብታ አኖርሁና ጫፋቸውን ጫፍ ለጫፍ ከተደረደሩት የባትሪ ድንጋዮች ጋር በሽቦ አገናኘሁ። ሎሚው ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ መዳብ ካለ ግን ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ ይጓዛል። ከሰዓታት በኋላ ቀለም የሚያወጣውን ኬሚካል ረጨሁበት። የጉድጓዱ ውሃ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ሰጠ፤ ብረት ነው። በብርዙ ወረቀት ላይ ግን ራቅ ብሎ ቀይ ቡናማ ነጥብ ወጣ። መዳብ ነበር፤ ከዕቃ ወደ መጠጥ ሲገባ ያስመልሳል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አከራዬ ገባሁ።

«እማማ፣ ብርዙ በምን አደረ?»

«በእናቴ የመዳብ ድስት።» ድስቱን አውጥተው ውስጡን አሳዩኝ። «የውስጥ የቆርቆሮ ልባጡ ካለቀ ቆየ። ይጎዳል ብዬ መች አሰብሁ።»

«ማንም አያስብም» አልኋቸው።

«እሱስ ይሁን። የእሳቸው ስም ግን በኔ ድስት ጠፋ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አከራዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ እንስራ አንሥተው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ሰው ቆሞ ያያል። ቀድተው በጣሳ ጠጡና፣ «ያሳመማችሁ የኔ ድስት ነው፤ የምትወቅሱም እኔን ውቀሱ» አሉ።

ነጋዴው ከበራቸው ብድግ ብለው፣ «ወቀሳው ይቅር። ገመዱን ያዙላቸውና እናንተም ቅዱ» አሉ።

መጀመሪያ የቀረበችው ሙሽራዋ ነበረች።