አራት ክንድ ገመድ

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስሄድ ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ጭቅጭቁን ያመጡት ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዷ ከጣት በማትረዝም ክር የተሰቀለች የፕላስቲክ ኳስ ናት፤ ሌላው በረጅም ክር ወደ ታች የወረደ የቁልፍ ዘለላ ነው። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ኳሷ ትርገፈገፋለች፤ ቁልፎቹ ግን ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ረዳቱ "ይቺን ምን እንዲህ ያስቸኩላታል?" አለ። ሹፌሩም "ቀላል ስለሆነች ነዋ! ቁልፉ ከባድ ስለሆነ ነው የሚንቀረፈፈው" ብሎ መለሰለት።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ጡረታ የወጣሁ መሬት ለኪ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሜትር ስዘረጋና ስጠቀልል ኖሬያለሁ፤ ታዲያ የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጬ የሰው ቁልፍ ምን አገባኝ? ግን አልቻልሁም።

"ልጄ፣ ክብደቱ አይደለም፤ የክሩ ርዝመት ነው" አልሁት። "ቁልፉን በአጭሩ ክር ስቀለው፤ እሱም እንዲሁ ይፈጥናል።"

"ኧረ አባባ! ከባድና ቀላል እኩል ሊሄድ? ይቀልዳሉ መሰለኝ!"

ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴትዮ ሳቀች። ጎኔ ያለው ጎልማሳ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሹፌሩ ልክ ነው አለ። "ፈትተህ ሞክረዋ!" ብል "ቆይ እንጅባራ ስንደርስ" አለኝ። እንጅባራ ስንደርስ ወርዶ ሌላ ተሳፋሪ መጣራት ጀመረ። እኔም ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ብቻዬን እየተቃጠልሁ ቀረሁ። የዚህ ነገር ወሬ በተነሣ ቁጥር የምናደደው ግን በሹፌር ብቻ አይደለም፤ አላምረው ትዝ ይለኛል።

አላምረው ዳንግላ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንማር የዴስክ ጓደኛዬ ነበር። አገሩ ከጥርባ ወገን ነው፤ እቤቱ የሚያወራው አዊኛ ስለሆነ በአማርኛ ከመመለሱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል። ቁመቱ ከበር ገብቶ ሲወጣ አንገቱን የሚያስደፋ ዓይነት ነበር። እኔ የከተማ ልጅ፣ ችኩልና አፈ ፈጣን ነኝ። "ሙሉቀን…" ብሎ ጠርቶኝ ቀጣዩን ቃል እስኪያወጣ ነፍሴ ትወጣ ነበር።

በዚያ ዓመት አላምረውን የሚያስጨንቀው አንድ ፊዚክስ ብቻ ነበር። የሌላው ትምህርት ውጤቱ ደህና ነው። በፊዚክስ ከወደቀ ግን ክፍል መድገሙ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ "ካለፍህ ተማር፤ ከወደቅህ ተመልሰህ እርሻህን ያዝ" ብሎ ቁርጡን ነግሮታል።

ኅዳር ላይ፣ ጭቃው ደርቆ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት በሚቆረጥምበት ሰሞን፣ የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር ሞገስ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ፔንዱለም ሥሩ አለን። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ሜትር ነው። ሜትሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኪስ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ፈቃድ ወጥቶ አገሩ ገብቷል። ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል።

"በክንድ ለኩት" አለ ቲቸር። "ፔንዱለም ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አያውቅም። ርዝመቱን አራት እጥፍ ስታደርጉት አንዱ ምልልስ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ይህን አሳዩኝ።"

ከግቢው ጀርባ ካለው ዋንዛ ሥር ሄድን። በአንዲት ዝቅ ያለች ቅርንጫፍ ላይ አንድ ክንድ ገመድ ለክቼ እኔ አሰርሁ። መጀመሪያ ድንች ሰቀልንበት፤ ቀጥሎ ድንቹን የሚያህል ድንጋይ። አላምረውም እንደ ሹፌሩ ድንጋዩ ይዘገያል ባይ ነበር። ሁለቱም ሃያ ጊዜ ሄደው ሲመለሱ ሃያ ሰባት ሰከንድ ፈጁ። አላምረው ድንጋዩን በመዳፉ አንሥቶ መዘነው፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ "እኩል ነው" አለ። ዓይኑ ያየውን ነገር አይከራከርም ነበር።

አራት ክንዱን ማሰር የእሱ ፈንታ ሆነ፤ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ እኔ አልደርስማ። ድንጋይ ላይ ቆሞ ጫፉን ቋጠረና ገመዱን ወደ ታች በክንዱ ለካ። እሱ በአዊኛ እየቆጠረ፣ እኔ የአጎቴን የእጅ ሰዓት ይዤ፣ ድንጋዩን ለቀቅነው። ሃያ ሲል አየሁ። ሃምሳ ስምንት ሰከንድ።

"ሃምሳ አራት መሆን አለበት" አልሁ። "የሃያ ሰባት እጥፍ ስንት ነው? አሳስተህ ቆጥረሃል!"

"ሃያ ነው የቆጠርሁ።"

እንደገና ሞከርን፤ ሃምሳ ስምንት። አሁንም፤ ሃምሳ ስምንት። በአማርኛ ቁጠር ብዬ ጮህሁበት፤ በአማርኛ ቆጠረ፤ ያው ሃምሳ ስምንት። "እስኪ ሰዓቱን እኔ ልያዝ፣ አንተ ቁጠር" አለኝ። የአጎቴን ሰዓት ለሰው አልሰጥም አልሁት። ብሰጠው ኖሮ ነገሩ እዚያው ይለይ ነበር። እኔ ግን መልሱን አስቀድሜ አውቄዋለሁ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ምን ያስለፋዋል? ወረቀቴ ላይ ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍሁ። እሱ ሃምሳ ስምንት ብሎ ጻፈ። "ኧረ አንተ ሰው፣ ቁጥሩን አስተካክል!" ብለው "ያየሁት ይኼን ነው" አለና ወረቀቱን አጠፈ።

ቲቸር ሞገስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ ክፍሉ ፊት አስቆመን። "ከአንድ ገመድ ሁለት ቁጥር? ማንኛችሁ ነው የዋሸው?"

አላምረው ሊመልስ አሰበ። እስኪያስብ እኔ ቀደምሁት። "ቲቸር፣ በአዊኛ ሲቆጥር ይዘላል" አልሁ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ከሳቁት ግማሾቹ እቤታቸው በዚያው ቋንቋ የሚያወሩ ልጆች ነበሩ። ቲቸር የእኔን ወረቀት ሙሉ ነጥብ ሰጠው። የአላምረው ላይ ዜሮ ጻፈ፤ ዜሮዋን ሁለት ጊዜ ከበባት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በበርበሬ የተነከረ ቅቅል ድንች እየበላሁ በገመድ ተራ አልፋለሁ። አንዲት እናት ለፈረስ ማሰሪያ ገመድ ሊገዙ ከሻጩ ጋር ቆመዋል። ሻጩ አጭር ሰው ነው፤ ሊለካ ክንዱን ሲዘረጋ እጁን ያዙት።

"አንተ አትለካልኝም።"

"ለምን እማማ?"

"ክንድህ አጭር ናት። ቆይ፣ የልጄ ባል ይለካልኝ!"

ከድንች ተራ አንድ ዘለግ ያለ ሰውዬ ተጠርቶ መጣ። "እማማ፣ ይኼ ክንድ ነው ምሰሶ?" ብሎ ሻጩ ሲጮህ ገበያተኛው ሳቀ። እኔ የቀረውን ድንች ጣልሁት። እየሮጥሁ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ገመዶቹ ዋንዛው ላይ እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። ዛፉ ላይ ወጥቼ አላምረው ያሰረውን ፈታሁና በራሴ ክንድ ለካሁት። አራት ክንድ ሆኖ ከአንድ ስንዝር በላይ ተረፈ። የእሱ አንድ ክንድ ከእኔ አራት ጣት ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ገመዱ ረዝሟል፤ ሃምሳ ስምንት ሰከንድ ይገባዋል። አላምረው ቆጠራው ልክ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያላየሁትን ጽፌ ሙሉ ነጥብ ወስጄ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆምሁ። ቲቸር ሞገስ ቀና ብሎ "ምን ፈለግህ?" አለኝ። ሁሉ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። "ጠመኔ" አልሁ። ሁለት ጠመኔ ሰጠኝ። በፈተና ያካክሰዋል፣ አንድ ዜሮ ምን ያደርገዋል እያልሁ ራሴን ስደልል ከረምሁ። ሰኔ ላይ ካርድ ስንቀበል አላምረው በጥቂት ነጥብ ፊዚክስን ወድቆ ነበር። ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ጨበጠኝ፣ ሄደ። መስከረም ላይ ዴስኩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠ።

አላምረውን ዳግም ያየሁት ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ቅዳም ከተማ ለቅሶ ላይ ነው። ለከሰል የሚሆን ዛፍ ይተክላል፤ ልጆቹን አስተምሯል፤ ሽበቱ ከእኔ ይበዛል። ድንኳን ውስጥ ጎኑ ተቀመጥሁና እነዚያን ሁሉ ዓመታት የተሸከምሁትን ልናገር ጀመርሁ።

"አላምረው፣ ያ ገመድ…"

"አራት ጣት" አለ።

ደነገጥሁ። "ታውቅ ነበር?"

"ያን ለታውኑ ነው ያወቅሁ። ከክፍል ወጥቼ ያንተን ገመድ በክንዴ አየሁት። አጠረብኝ።"

"ታዲያ ለምን አትናገርም? አንተ ሰው! ለምን ዝም አልህ?"

"እኔን ማን ሊሰማኝ? ሲሰሙ የነበረው አንተን ነው። ትነግራቸዋለህ ብዬ ጠበቅሁ።"

"እስከ መቼ?"

እንደ ልማዱ ቆም ብሎ አሰበ። "እስከ ሰኔ" አለኝ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ በሹፌርም፣ በቁልፍ ያዥም፣ በማንም ስናደድ ልቤ አይሞላም። ከኅዳር እስከ ሰኔ ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ ነው የማስባቸው። በየጠዋቱ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት ዞር ብሎ ያየኛል። እኔም "ይኼ ሰው ምን ያፈጥብኛል? የሚለው ካለው አይናገርም?" እያልሁ ስበሽቅበት ከረምሁ።