በሞትኩ ዕለት የደወልኩት ስልክ

የላፕቶፔን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ፕላስተሩ ለቁስል የሚለጠፈው ዓይነት ስለሆነ ልጄ ኮምፒውተሬን ባየች ቁጥር «ዳዲ፣ አልዳነም?» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ። ስልኬም ከእኔ ጋር መኝታ ቤት አይገባም፤ ኩሽና፣ የዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ተዘግቶበት ያድራል፤ ሥራ በሌለኝ ቀን እዚያው ይውላል። ባለቤቴ እንዲህ የሆንኩት አንድ ቀን ስለ ቲማቲም ሳወራ ውዬ በማግሥቱ ስልኬ የቲማቲም ችግኝ ማስታወቂያ ካሳየኝ ወዲህ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ታወራለች። ልክ አይደለችም። ከዚያም በፊት ተጠራጣሪ ነበርኩ፤ ቲማቲሙ ምስክር ሆነልኝ እንጂ።

የምኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፖላሪስ የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እደረድራለሁ። ከሰዓት በኋላ ኖርዝላንድ ወዳለው ቤታችን ተመልሼ እጽፋለሁ። የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ አዲስ አበባ የታተሙ ሁለት የአጫጭር ልቦለድ መጻሕፍት አሉኝ። የሁለተኛው ጀርባ ላይ ፎቶዬ አለ፤ ጣጣ ያመጣብኝም እሱው ፎቶ ነው። ጽሑፉ እምቢ ሲለኝ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ቃሪያና ጎመን አለኝ። ቃሪያው እየተበላ ነው፣ በላተኛው ግን አይታወቅም። አጥር የሚያዋስነን አሜሪካዊ ጥንቸል ነው ይለኛል። እኔ የምጠረጥረው ሽኮኮዎቹን ነው። እሱንም ትንሽ እጠረጥረዋለሁ።

ስለ ዘመኑ ሚዲያ ያለኝ ሐሳብም ከቃሪያው ብዙ አይርቅም። የሚበላን አለ፣ ማን እንደሆነ ግን አይታይም። እኔ ልጅ ሳለሁ ዜና ሰዓት ነበረው፤ አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምር ነበር። ያኔም ይዋሽ ነበር፤ ግን ውሸቱ ባለቤት ነበረው፣ ስሙን ተናግሮ ነው የሚዋሸን። አሁን «ሰበር ዜና» እያለ ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፈው ድምፅ የማንም አይደለም። ሰው እንዳልሆነ የማውቀው በትንፋሹ ነው፤ የቱንም ያህል ረጅም ነገር ቢያወራ አየር አይስብም። ይህን ለሰው ሳስረዳ ሰው ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ መልሶ ይልክልኛል።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለታላቅ እህቴ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተችብን ያሳደገችኝ እሷ ናት። አዲስ አበባ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሟ ድንጋጤ እንደማይስማማት አስጠንቅቋል። ማሽን የሰው ድምፅ አስመስሎ መናገር እንደጀመረ ስሰማ ለእሷም ለልጇም ደወልኩ። በእኔ ድምፅ «ታስሬያለሁ፣ ድረሱልኝ» የሚል ሰው ቢደውል ስልኩን እንዲዘጉበት ነገርኳቸው። ከእሷ ጋር ደግሞ ሁለታችን ብቻ የምናውቀው አንድ የምስጢር ቃል ተስማማን። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ ከገዛ ወንድሟ ጋር እንደ ጦር ካምፕ ዘበኛ በይለፍ ቃል መነጋገር አሳፈራት። በኋላ እሺ አለች። ቃሉን የትም አልጻፍኩትም፤ የተጻፈ ነገር ይሰረቃል።

ባለፈው ሰመር አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ምስር ልገዛ ሞርስ ሮድ ወዳለው የሐበሻ ግሮሰሪ ሄድኩ። ስገባ ባለሱቁ ወሬውን አቋረጠ። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ስልኩን አየ። ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ደህና ነኝ አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ። ምስሩን ሲሰጠኝ እጄን ያዝ አድርጎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጠኝ መረቀኝ። ይህ ሰው በደህና ጊዜ ሰላምታውን እንኳ የሚሰጠው ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል ነው። ምስሩን ይዤ ስወጣ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ፊቷ ተለዋውጧል። ስልኳ ሲጠራ ይዛው ወደ ጋራዥ ትገባለች፣ ስትመለስ ዓይኔን አታይም። ኋላ እንደነገረችኝ፣ እኔ ግሮሰሪ ሳለሁ ሰው በሰው ላይ እየደወለ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃት ነበር፤ ቤት ነሽ ወይ፣ አጠገብሽ ሰው አለ ወይ፣ ከዚያ ሌላ ምንም ሳይናገር ይዘጋል። «አጠገብሽ ሰው አለ?» ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰዎች እናውቃለን። ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድና ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። አገር ቤት ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ፤ ኮሎምበስ ግን ሰው ሺፍት ስላለው ከሥራ መልስ፣ ወደ ማታ ነው የሚሰበሰበው። ባለቤቴም ከእኔ ቤተሰብ አንድ ሰው እንደሞተ፣ መርዶው ወደ እኔ እየመጣ እንደሆነ ደመደመች። ነገሩን ብቻዬን ኢንተርኔት ላይ እንዳላየው ብላ የዋይፋዩን ገመድ ነቀለችው። ከአዲስ አበባ ሲደወልላትም ደንግጣ አላነሳችም።

«ኢንተርኔቱ ዳውን ነው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል። የነቀለችው ለምን እንደሆነ ስለገባኝ ስልኬን ከዳቦ ማስቀመጫው ማውጣት አቃተኝ። እህቴ ሞታለች አልኩ በልቤ። ጓሮ ወጥቼ ጎመኑን አረም መስሎኝ ነቀልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል በር ተንኳኳ። ባለቤቴን ቀድሜ ከፈትኩ። የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። ከጎናቸው ባለቤታቸው እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሁለቱም እኔን ሲያዩ ደረቁ። እትዬ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«እህቴ ናት አይደል?» አልኳቸው።

ጋሼ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ከዚያ «አይ» አሉ፤ «አንተ ነህ።»

ሳሎን አስገብተናቸው እትዬ ውኃ ከጠጡ በኋላ ስልካቸውን አሳዩኝ። ፎርዋርድ እየተደረገ ከሰው ሰው የዞረ ቪዲዮ ነው። የመጽሐፌ ጀርባ ላይ ያለው ፎቶዬ መሐል ተደርጓል፣ በጎኑ ሻማ ይበራል። ያ ትንፋሽ የሌለው ድምፅ ደራሲው ኦሃዮ ውስጥ በሥራ ገበታቸው ላይ እያሉ በድንገት ማረፋቸውን ያወራል። የደወሉት ሰዎች የመሰላቸው የምሠራበት ሱቅ ውስጥ ሞቼ ባለቤቴ ገና እንዳልሰማች ነው። የግሮሰሪው ባለሱቅ በሕይወት እንዳለሁ በዓይኑ አይቶ ለምን ዝም እንዳለኝ በማግሥቱ ጠየቅኩት። ሰው የራሱን ሞት እንዴት ይረዳል ብሎ መለሰልኝ፣ ላሟርትብህ ነው ወይ አለ። ከቪዲዮው ሥር ነፍስ ይማር የሚለው መዓት ነው። አንዱ ሥራዎቼን ሁሉ በተመስጦ እንዳነበበ ጽፏል። እኔ አንባቢዎቼን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ እሱ የለበትም።

«ኢትስ ኤአይ፣ ዳዲ» አለች ልጄ። «ሪፖርት እናድርገው።»

እኔ ግን ሳቄ መጣ። እህቴ አልሞተችማ። የሞትኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ይህ ደግሞ ቀላል ነው። ሽማግሌውም አብረውኝ ሳቁ። ያልሳቀችው ባለቤቴ ናት። የነቀለችውን ገመድ አየት አድርጋ፣ እዚያስ ሰምተው ከሆነ አለች።

ሳቁ አፋችን ላይ ቀረ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ አዲስ አበባ ግን ሊነጋ ነው። የእህቴ ልጅ ያንን ቪዲዮ ሳያየው አይቀርም። ለባለቤቴ ደውሎ አልተነሳለትም። ለእኔ ደውሎ እንደሆነም ኢንተርኔቱ ተነቅሏል፣ ስልኩ ዳቦ ውስጥ ነው። ዝምታችንን ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ግልጽ ነው። ዘመድ ጠርቶ፣ ጎህ ሳይቀድ እናቱን ሊያረዳ ነው። በዚያ ልቧ።

ገመዱ ተሰካ። መጀመሪያ ለልጁ ደወልኩ። አነሳ። እኔ ነኝ፣ አለሁ፣ ውሸት ነው አልኩት። «አታፍርም? የሞተ ሰው ድምፅ ትሰርቃለህ?» ብሎ ዘጋብኝ። ደግሜ ስደውል ብሎክ አድርጎኛል። በባለቤቴ ስልክ ሞከርን፤ አላነሳም። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ያስተማርኩትን አንድ በአንድ ፈጸመ።

የቀረኝ እህቴ ጋ በቀጥታ መደወል ነበር። የእሷ ስልክ መደወልና ማንሳት ብቻ የሚችል ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ሲነሳ ከድምፅዋ በፊት የሰማሁት ከኋላዋ ያለውን ልቅሶ ነው። ቀድመውኛል።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እታለም። አልሞትኩም።»

የልጇ ድምፅ ከጎኗ ይሰማኛል፤ እማዬ ዝጊው፣ ማሽን ነው፣ አጎቴ ራሱ ነግሮናል ይላታል። እሷ አልዘጋችም። ስትተነፍስ እሰማታለሁ፤ እየተቆራረጠ ነው የምትተነፍሰው።

«ቃሉን ተናገር» አለችኝ።

ቃሉ ጠፋኝ። ፈለግኩት፣ የለም። ባለቤቴና ልጄ፣ ጋሼና እትዬ ዙሪያዬን ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። ቃል ለመሰብሰብ የኖርኩ ሰው አንዲት ቃል አጣሁ። በዚህ ጭንቅ መሐል ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አመሌ ተነሳ። ይህ ድምፅ ጎርናና ነው። የእህቴ ድምፅ ቀጭን ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ስልኩን ማን እንደያዘው በምን አውቃለሁ? የምስጢር ቃሌን የምትጠይቀኝ ይህች ሴት ማን ናት?

«አንቺ ቅደሚ» አልኳት።

«ምን?»

«መጀመሪያ አንቺ ተናገሪው። እህቴ ለመሆንሽ ምን ማረጋገጫ አለኝ? ድምፅሽ የእሷ አይደለም።»

ባለቤቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ጋሼ አማተቡ።

«ሳለቅስ ዘግቶኝ ነው» አለች፣ «ባንተ።»

«ማልቀስሽን በምን አውቃለሁ?»

ልቅሶው ከኋላዋ እንደቀጠለ ነው፣ እሷ ግን ዝም አለች። ልቧ ቆመ አልኩ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሲቃ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። እያለቀሰችም ነው።

«ዝም በሉ» አለቻቸው፣ ቤቷ ለሞላው ሰው። «እሱ ነው። እንዲህ የሚያናድድ ማሽን የለም።»

ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ። በሽማግሌ ፊት፣ በልጄ ፊት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እትዬ ነጠላቸውን መልሰው እያስተካከሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለለቅሶዬ ያመጡትን ድፎ ዳቦ ቆርሰን በላን፤ ጥሩ ዳቦ ነበር።

ለቪዲዮው ባለቤቶች በሕይወት እንዳለሁ ጽፌላቸዋለሁ። መታወቂያዬን ፎቶ አንስቼ እንድልክላቸው መለሱልኝ። ፎቶዬን ሰርቆ ለገደለኝ ሰው መታወቂያዬን አልልክም። ስለዚህ እነሱ ዘንድ እስከ ዛሬ እንደሞትኩ ነኝ፤ ነፍስ ይማሩም አልቆመም። ለምን እንደገደሉኝ አላወቅኩም፤ ሌላ ሰው ሞቶ ተምታቶባቸው ይሁን፣ ተመልካች ፈልገው ይሁን። ልጄ እነሱ ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም ትላለች። ይህኛው ሐሳቧ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኛል።

በሌላ ቀን እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ተመልሶላታል። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጎመኔ ስናወራ ቆየንና ድንገት፣ ያን ዕለት ቃሉን ረስቼው እንደነበር ጠየቀችኝ። አልረሳሁም አልኳት። እሷ እንዳልረሳችው ነገረችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ?»

«ብናገረውማ ሌባም ቢሆን አዎ እሱ ነው ይለኛል» አለች። «መጠራጠርን ከማን የተማርከው መስሎህ ነው? ያሳደግኩህ እኮ እኔ ነኝ።»

ተሸንፌያለሁ። ከመሸነፍ ካልቀረ ብዬ፣ መርሳቴን አምኜ፣ ቃሉን እንድትነግረኝ ለመንኳት።

«በስልክ?» አለችኝ።