ከራስጌ በላይ ያለው ቀዳዳ

ከጆበርግ ዳር ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሉት ትንሽ ሱቃችን፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ ስሸጥ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በበጋ ይጠብሰኝ፣ በክረምት ያንቀጠቅጠኝ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ ከፍሪጆቹ በላይ ያለውን ቆርቆሮ በካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ክፍሉ ሰው የሚኖርበት ሆነ፤ በካርድ የሞላነው መብራትም ቶሎ ማለቁን ተወ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣሪያው ነው።

መብራት ሳይባክን ቤት እንዴት እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ የሚያስተምር አጭር ኮርስ ገባሁ፤ ከተማ ውስጥም ክፍል ተከራየሁ። ሱቁን አብረን የያዝነው ታላቅ ወንድሜ አልተቃወመም፤ ቁርጡን ግን ነገረኝ። «ክረምቱ እስኪያልቅ ሞክሪ። ሥራው ካልያዘልሽ ትመለሻለሽ። እኔ ብቻዬን አልችለውም።» እውነቱን ነው። እኔ ግን ተመልሼ ከዚያ ፍርግርግ ጀርባ ላለመቆም ቆርጬ ነበር። ሱቁ አንገሽግሾኛል፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጡኝ ሜይፌር ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ። ጋሼ የሐበሻ ነጋዴ በሞላበት በጀፕ ሰፈር ብርድ ልብስ ያከፋፍላሉ፤ ቤታቸው ውስጥ ግን ሂተሩ ቀን ሙሉ እየነደደ ሁለቱም ካፖርት ለብሰው ነው የሚቀመጡት። ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም የሱፍ ጥቅል ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋሁ። በየበሩ ሥር የጎማ ጥብጣብ አደረግኩ። ግድግዳው ላይ ያሉትን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎች ግን እንዳይነኩ አስጠነቀቅኩ፤ የድስቱ እንፋሎትና ቤት ውስጥ የሚሰጣው ልብስ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል።

«ንፋስ ይመታናል እኮ» አሉ እትዬ።

«ካልተነፈሰ ቤቱ ያልባል፣ እትዬ።»

«ቤት ደግሞ ያልባል? ሰው ነው እንዴ?»

ተሳሳቅን፤ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ደወሉ። ግድግዳው ርሷል፣ የመኝታ ቤቱ ጥግ በሻጋታ ጠቁሯል። «ልጄ፣ ያንቺ ሱፍ ውሃ ይዞብን መጣ። ነይና አንሺልን።» ወሬው ጀፕ ደርሶ፣ ሥራ ሊሰጠኝ የነበረ ባለ ምግብ ቤት ስልኬን ማንሳት ተወ። ወንድሜም ሰምቷል። «መጥቼ ዕቃሽን ልጫን?» ሲለኝ በድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ያ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ።

«አትምጣ» ብዬ ሜይፌር ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቼ ባይ፣ ከራስጌያቸው በላይ ያለው ቀዳዳ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅጥቆ በፕላስተር ታሽጓል። ሌሎቹም እንዲሁ። የእኛ ሰው እኮ ይህ አመሉ ነው። ታክሲ ውስጥ ሌላው ተሳፋሪ በላብ ተጠምቆ የከፈተውን መስኮት፣ አንገታችንን ሸፋፍነን የምንዘጋው እኛ ነን። ካልሲዎቹን እየመዘዝኩ ወለሉ ላይ ወረወርኳቸው።

«መልሼ እጠቀጥቀዋለሁ» አሉ እትዬ፣ ፍርጥም ብለው። «ማርያምን፣ አንገቴን ቀስፎ ነው የሚይዘኝ።»

ጫማዬን አውልቄ፣ አስፈቅጄ፣ እሳቸው በሚተኙበት በኩል ጋደም አልኩ። ቀዝቃዛው አየር ከቀዳዳው ቁልቁል ወርዶ አንገቴ ላይ አረፈ። አስተማሪያችን ስለ አየር ብዙ ነግሮናል፤ ስለ አንገት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«እውነትዎን ነው፣ ይመታል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሱፉን አንሺዋ» አሉ ጋሼ ከበሩ።

«ሱፉን አላነሳም። አልጋውን ግን እናንሳ።»

ሦስታችን ገፍተን አልጋውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞርነው። ከዚያ ላሜራ አጥፌ፣ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ኪስ የመሰለ መከለያ ለየቀዳዳው ሠራሁ፤ አየሩ መጀመሪያ ወደ ኮርኒሱ እንዲወጣና ሰው ላይ እንዳይወርድ። የመጀመሪያው ተጣመመብኝ፣ አውራ ጣቴንም ቆረጠኝ። ጥዬው ሌላ አጠፍኩ፤ ሁሉንም ግድግዳው ላይ በድሪል ገጠምኳቸው። ሻጋታውን አጥቤ፣ የልብስ መስጫ ገመዱን ከኮሪደሩ ነቅዬ ግቢ ውስጥ ወጠርኩት፤ የጆበርግ ክረምት ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም አይሰስትም።

እትዬ ከነካፖርታቸው ተጋደሙ። ድሪሉን ታቅፌ ፊታቸውን አየሁ። ቆይተው ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈቱ። «እንግዲህ እንየው» አሉ ብቻ።

ያን ክረምት ጠሩኝ አልጠሩኝ እየሄድኩ ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩ። መጀመሪያ እርጥብ ነበር፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ብቻ፤ በመጨረሻ ደረቅ። ያን ቀን ሂተሩ ተነቅሎ ጥግ ተቀምጧል፣ ጋሼም በሸሚዝ ናቸው። ባለ ምግብ ቤቱ ጋ ራሳቸው ደወሉ። «ውሃውን ያመጣነው እኛው ነን፣ ቤቱን አፍነነው» አሉት። እትዬ ስልኩን ነጥቀው፣ «ና፣ መጥተህ ተኛበትና እየው» አሉ።

ሰውየው በማግስቱ ሥራውን ሰጠኝ። ከምግብ ቤቱ እንደወጣሁ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ለሱቁ ሰው ፈልግ» አልኩት።

ከኋላው ደንበኛ በዙሉ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ሲለው ይሰማኛል፤ አልመለሰለትም። «ላትመለሺ ነው?» አለኝ፣ ልጅ ሳለን እናታችን ገበያ ስትወጣ በሚጠይቅበት ድምፅ።

«አልመለስም» አልኩት። መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ቃሌን ግን አላጠፍኩም።