በሁለት ቀይ መካከል

ባቡሩ የተገለበጠው በሕንድ አገር፣ በፑሪ ከተማ የሠረገላ በዓል ማግስት ነው፤ ወይስ አንድ ቀን ቆይቶ? መምህር ኒራንጃን እስከ ዛሬ ይጠራጠራል። ዝናቡን ግን አይጠራጠርም። ሚስቱ ሳቢታ የፑሪን ቤተ መቅደስ ተሳልማ በዚያ ባቡር ስትመለስ የሞተችው በዚያ ዝናብ ነው።

ሄምላታ ባሪክ የባቡር ሆስፒታሉ ነርስ ነበረች። የአደጋ ጥሪ ሳይረኑ ሲጮህ ሩዟን ከነድስቱ ትታ፣ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ወደሚቆመው የሕክምና ፉርጎ ትሮጣለች። ባሏ፣ እኔ ትርፍ ነኝ፣ ያገባችው ሳይረኑን ነው እያለ ጎረቤት ያስቅ ነበር።

ያን ቀን ቁስለኛው በሩዝ ማሳው ላይ ተዘርሮ፣ ሐኪሞቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። ቀይ ጨርቅ ቀድዳ፣ ቶሎ ሆስፒታል ካልደረሱ በሚሞቱት የእጅ አንጓ ላይ ማሰር የጀመረችው እሷ ናት። ለመርዳት የመጡትን ገበሬዎች፣ እጁ ላይ ቀይ ያለውን አስቀድማችሁ አንሡ አለቻቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ግን ከቤተ መቅደስ የሚመለስ ነበር፤ ካህናቱ ያሰሩለት ቀይ ክር ያልነበረበት እጅ የለም። ገበሬዎቹ ቅርብ ያገኙትን አነሡ። በእግሩ መሄድ የሚችለው ሳይቀር አምቡላንስ ላይ ተጫነ። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ሐኪም ቢሆን ባልተፈረደበት፤ የሷም የእጅ አንጓ ላይ ግን ክሩ ነበር።

ኒራንጃን የሚስቱን አስከሬን ሲረከብ በሳቢታ እጅ ላይ ክሩንም ጨርቁንም አየ። ስለዚህ ሄምላታ በሕይወት አግኝታታለች። ሳቢታ ነቅታ ነበር? የተናገረችው ነገር ነበር? ይህን ለመጠየቅ ዓመታት ፈራ። ገበያ ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር።

ሄምላታ ጡረታ ወጥታ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው ሲባል ግን ጣቢያ ድረስ መጣ።

«መምህር፣ ሊሸኙኝ ነው?»

«የለም፣ ዓሣ ልገዛ ወጥቼ ነው፣ ሲስተር።»

«ጣቢያ ውስጥ ዓሣ መሸጥ ተጀመረ እንዴ?»

ሳቁ።

«ከዚያ ወዲህ ክር አስሬ አላውቅም» አለች እጇን እያየች። «ካህኑ ይቆጣኛል። ምን ብዬ ላስረዳው?»

ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ባቡሩ ገባ። በወጉ ልጠይቃት፣ መጀመሪያ ሻንጣዋን ላስገባላት ብሎ ተሸከመ። ግፊያው እሷን አስገብቶ እሱን ከበሩ መለሰው፤ ሻንጣውን በመስኮት አቀበላት።

«ሲስተር፣ ባለቤቴን...»

እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እሱ ዘንበል አለች። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።